አማርኛን ዘልዬ አረብኛን የመረጥኩ ዕለት

ትናንት የደረሰብኝን ውርደት ብነግራችሁ «አሁንስ አበዛኸው» ትሉኛላችሁ። ወላሂ ቀንሼ ነው የምነግራችሁ!

(ክርስቲያን ነኝ። ግን ካርቱም ውስጥ ሳይምሉ የሚያምን ሰው የለም።)

ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ አርባ ሴት እያየችኝ፣ በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ምክንያት «ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» አልኩ። መሬቷም የካርቱም ናት፤ ደርቃለች፣ ለማንም አትከፈትም።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ አስማማው እባላለሁ። ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና አንድ ጃንጥላ አለኝ። ሞባይል እጠግናለሁ። የሰፈሩ ሱዳኖች «ባሽሙሃንዲስ» ይሉኛል፣ ኢንጂነሩ ማለታቸው ነው። ኢንጂነሪንጉን የተማርኩት ከቪዲዮ ላይ ነው፤ እሱም ኔትወርክ በፈቀደልኝ መጠን!

እዚህ አገር አስራ አራት ዓመቴ ነው። አረብኛ ስናገር ፊቴን ያላየ ሰው የኦምዱርማን ልጅ ነው የሚለኝ። እቀልድበታለሁ፣ እከራከርበታለሁ፣ ሲብስም እሳደብበታለሁ። ስለዚህ የሰፈሩ ሐበሻ ወረቀት በያዘ ቁጥር ወደኔ ይመጣል። «አስማሜ፣ ይቺ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ቀኗ አልፏል ወይ?» «አስማሜ፣ ከፖሊስ ይሄ መጣብኝ።»

እኔም ወረቀቱን ተቀብዬ ግንባሬን ኮስተር አደርጋለሁ። «ነገሩ ረቀቅ ያለ ነው፣ ነገ እነግርሻለሁ» እላለሁ። ከዚያ ጎረቤቴ ፋርማሲስቱ ጋ ሮጬ አስነብባለሁ።

ለምን መሰላችሁ? አረብኛ ማንበብ አልችልም!

አንዲት ፊደል አልለይም። አማርኛ አነባለሁ፣ እንግሊዝኛም እንደነገሩ አነባለሁ። አረብኛው ግን ለኔ የተበተነ ክር ነው። ይሄን ከፋርማሲስቱ በስተቀር ማንም አያውቅም ነበር። እስከ ትናንት።

አሁን ስለ እድራችን ልንገራችሁ፣ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም።

አብዛኞቹ አባሎቻችን በየሰው ቤት የሚሰሩ የወሎ እህቶች ናቸው። ጥቂት ክርስቲያኖችም አለንበት። ሰብሳቢያችን ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ ጸሐፊያችን ደግሞ እትዬ ዘሃራ። ሥራችን ያው የእድር ሥራ ነው፣ ሰው ሲሞት መቅበር። በሰው አገር ግን ከመቅበሩ ይልቅ የሚከብድ ሌላ ሥራ አለ።

መርዶ።

ታውቃላችሁ፣ ለእናት በስልክ «ልጅሽ ሞተች» አይባልም። መጀመሪያ ለቅርብ ዘመድ ወይም ለጎረቤት ይነገራል። ከዚያ ሽማግሌዎች ይሰበሰቡና ጎህ ሲቀድ ቤቷ ይሄዳሉ። ሰው ግራና ቀኝ ይዟት ነው የምትሰማው። ለዚህ ብለን ለእያንዳንዱ አባል መዝገብ ይዘናል፤ ትክክለኛ ስም፣ የትውልድ መንደር፣ ከዚያ «መርዶ ለማን ይነገር» የሚል መስመር ከነስልክ ቁጥሩ።

«ትክክለኛ ስም» የምትለዋን እንዳታልፏት። እዚህ አሠሪዋ ማዳም «ስምሽ ከበደኝ፣ ሳራ ብዬሻለሁ» ካለቻት ሳራ ሆና የምትቀር ልጅ ብዙ ናት። በሌላ ሰው ስም ድንበር የተሻገረችም አለች። እኛም በማዳሟ አወጣጥ ነው የምንጠራት። እናቷ ያወጣችላት ስም ያለው መዝገቡ ውስጥ ብቻ ነው።

መዝገቡ የተጻፈበት ደብተር በጦርነቱ ከነቤቱ ተቃጠለ። የተረፈው የእድሩ ላፕቶፕ ላይ ያለው ነው። እትዬ ዘሃራ በነጠላ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ ወደ ምሥራቅ፣ ገዳሪፍ ከተማ ድረስ አሸሸችው። በየኬላው ስንቱን ለምና አሳለፈችው። ከተማው ረገብ ሲል እንደገና ታቅፋ መለሰችው።

ጦርነት ያልቻለውን ላፕቶፕ እኔ በሃያ ደቂቃ ጨረስኩት!

የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ላፕቶፑ አርጅቷል። እትዬ ዘሃራ አስነስታው፣ ውዱእ አድርጋ፣ ሰግዳ ስትመለስ እሱ ገና እየተንደፋደፈ ነው። «አስማሜ፣ እባክህ አንድ ነገር አድርግልኝ» አለችኝ።

«ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም እጭንልሻለሁ» አልኳት። «ለአሮጌ ኮምፒውተር እሱ ነው መድኃኒቱ። ዊንዶውሱ አይነካም፣ እንዳለ ይቀመጣል። አዲሱ አጠገቡ ይገባል። ስታስነሺው የፈለግሽውን ትመርጫለሽ። ሁለት በአንድ!»

«ሁለት ሚስት በአንድ ቤት ማለት ነው» አለች እትዬ ዘሃራ። «እኔ አይቼዋለሁ፣ ሰላም የለውም።»

ሳቅን። እሷ ግን ብዙም አልሳቀችም።

ሊኑክሱን ለመጫን ፍላሽ ያስፈልጋል። «ፍላሽ አለሽ ወይ?» ስላት ከመሳቢያ አንዱን አውጥታ ሰጠችኝ። ወደ ጠረጴዛዬ ወስጄ፣ በራሴ ኮምፒውተር ሊኑክሱን ፍላሹ ላይ ጻፍኩት። ፍላሽ ለዚህ ሲዘጋጅ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ይሄን አውቃለሁ። ምን እንዳለበት ግን አልጠየቅኳትም፤ እሷም ምን ላደርገው እንደሆነ አልገባትም።

ዕለቱ ጁምዓ ነበር። እረፍት የወጡ እህቶች የእትዬ ዘሃራን ግቢ ሞልተውታል። ሁሉም ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን ያያሉ። ተመልካች ሲኖረኝ ደግሞ አታድርስ ነው!

ፍላሹን ሰካሁ። ተነሳ። የመጀመሪያው ገጽ «ቋንቋ ምረጥ» ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ምን እንዳለ ገምቱ እስቲ።

አማርኛ!

በገዛ ፊደላችን፣ ጥርት ብሎ፣ «አማርኛ» ይላል። አንዷ ልጅ ከኋላዬ «ኧረ አማርኛ አለ!» ብላ በደስታ ጮኸች። እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው?

«አማርኛማ ትናንት በመተማ ለገባ ሰው ነው!»

ቃል በቃል ይሄን አልኩ። ከዚያም ዝቅ ብዬ አረብኛን ነካሁ። ባሽሙሃንዲስ ነኛ!

ስክሪኑ በሙሉ ተገለበጠ። ቀኝ የነበረው ግራ ሄደ። «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ እንኳ ቦታውን ቀየረ። ቪዲዮው ላይ ደጋግሜ ያየሁት ገጽ ጭራሽ ሌላ ሆነብኝ። ወደኋላ ተመልሼ እንግሊዝኛ ብመርጥ የሚከለክለኝ አልነበረም። ግን እህቶቼ ያያሉ። ሊያውም ከዚያ ሁሉ ጉራ በኋላ!

ስለዚህ እንደሚያነብ ሰው ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ቀጠልኩ።

አንድ ገጽ ላይ ሁለት ምርጫ መጣ። አንዱ «ከነባሩ አጠገብ ጫን» መሆን አለበት፤ ሌላው ደግሞ «ሁሉን አጥፍተህ ጫን»። ቪዲዮው ላይ «አጠገብ» የሚለው የላይኛው ነበር። የላይኛውን ነካሁ። ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፣ ረጅም ነገር ነው።

«ምን ይላል?» አለች እትዬ ዘሃራ።

«እንኳን ደስ አላችሁ ይላል» አልኳት።

አትሳቁ! እሺ፣ ሳቁ።

ተጫነ። ሲነሳ እንዴት ያምራል! ፈጣን! ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ አንዷ እልል አለች። «አሁን ደግሞ አሮጌውን ላሳያችሁ» ብዬ አጥፍቼ አስነሳሁት። ምረጥ የሚል ነገር አልመጣም። ቀጥታ ሊኑክስ። እንደገና አጠፋሁ፣ አስነሳሁ። ሊኑክስ ብቻ። ዊንዶውሱ የለም፣ ፋይሎቹ የሉም፣ መዝገቡ የለም።

ፊቴ ግን ፈገግ ብሎ ነበር። «ትንሽ ማስተካከያ ይቀረዋል» አልኩና ላፕቶፑን በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የጠፋ ፋይል ይመልሳል የተባለ ፕሮግራም ሁሉ ሞከርኩ። የአንድ ሰው ፎቶ መለሰልኝ፣ እሱንም ግማሽ ፊት። እትዬ ዘሃራ ስትደውል «ኢንሻአላህ ነገ» እላታለሁ። በሁለት ሳምንት የጨረስኩትን ኢንሻአላህ አንድ ሸህ በዓመት አይጨርሰውም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁም። ያን ዕለት «አጠፋሁት» ብል ኖሮ ሁሉም ሴት እዚያው ግቢ ውስጥ ነበረች። አንድ ደብተር ገዝቶ ሁሉንም እንደገና መመዝገብ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር። መሳሳቴን ሰው ይቅር ሊለኝ ይችላል። ዝም ማለቴን ግን እኔም ለራሴ ይቅር አልለውም።

ሐሙስ ዕለት ሳራ ሞተች።

ቡሪ ሰፈር በሚገኝ ቤት ነበር የምትሰራው። ሦስት ቀን ትኩሳት አለባት ተባለ፣ በአራተኛው አለፈች። ዕለቱኑ ቀበርናት። እድራችን ከገባች ገና ስምንት ወሯ ነው፤ በወር አንዴ ብቅ ብትል ነው። ያን ዕለት ከኋላዬ ቆማ «ኧረ አማርኛ አለ!» ያለችው እሷ ነበረች።

ትናንት ጁምዓ ጋሽ እንድሪስ ግቢ ለቅሶ ተቀመጥን። የሳራ አሠሪ ኡስታዛ ሀናንም መጣች። አስተማሪ ናት። የሳራን ቦርሳና ስልክ ይዛ፣ ዓይኗ አብጦ፣ «አል-በረካ ፊኩም» እያለች፣ በሱዳኖች ወግ እያጽናናች፣ ሁሉንም በእጅ ሰላም አለች። ስለ ሳራ የምታውቀው ሳራ መባሏን ብቻ ነው፤ እሱንም ያወጣችላት እሷ ናት።

ጋሽ እንድሪስ ወደኔ ዞሩ። «አስማማው፣ ኮምፒውተሯን ክፈትና የልጅቱን ቤተሰብ አውጣልን። ዛሬ ለዘመዷ እንንገርና ነገ ጠዋት ይድረሱላት።»

ላፕቶፑ ጭኔ ላይ ነው። አርባ ሴት ትጠብቃለች።

«መዝገቡ የለም» አልኩ።

«የት ሄደ?»

«ስጭን... ጠፋ።»

እትዬ ዘሃራ «ግዴለም፣ አትደንግጡ» አለች። «ቅጂው ፍላሹ ላይ አለ።»

«የቱ ፍላሽ?» አልኩ። እያወቅኩት ነው የጠየቅኳት።

«የሰጠሁህ ነዋ!»

ገባችሁ አይደል? አንድ ባክአፕ ነበራቸው። እሱን ደምስሼ ነው መደምሰሻውን የሠራሁበት!

እዚህ ላይ ኅሊና ያለው ሰው አንገቱን ይደፋል። እኔ ግን መከራከር ጀመርኩ! «የኔ ጥፋት አይደለም! ኮምፒውተሩ ነው! የተጻፈውን ነው የተጫንኩት!» ብዬ ፍላሹን ከኪሴ አውጥቼ ሰካሁት። ያን ገጽ አመጣሁና «ይኸው! ይኸው እዩት!» አልኩ። ሰው እንዴት በገዛ እጁ ይሄን ያደርጋል?

ኡስታዛ ሀናን መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። በጣቷ የላይኛውን መስመር ተከትላ ቀስ ብላ አነበበች።

«ኢምሰሕ...»

ሌላውን ማንበብ አላስፈለጋትም።

ኢምሰሕ ማለት ጥረግ፣ አጥፋ ነው። ግቢው ውስጥ ያለችው ሴት ሁሉ ይቺን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ ትሰማታለች። ጠረጴዛውን ኢምሰሒ። መስታወቱን ኢምሰሒ። ወለሉን ኢምሰሒ፣ ያላ! ፊደል ያልቆጠረችውም ተርጓሚ አልፈለገችም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

እኔም ቃሏን ከነሱ ባልተናነሰ አውቃታለሁ። በጆሮዬ! በዓይኔ አይደለም እንጂ።

እትዬ ዘሃራ ዝግ ባለ ድምፅ «አስማሜ፣ አረብኛ አታነብም እንዴ?» አለችኝ።

«አላነብም።»

ከወደኋላ አንዷ ብድግ አለች። «የኔን የፍርድ ቤት ወረቀት ታዲያ ማን ነው ያነበበው?!»

«ፋርማሲስቱ» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። በሌላ ቀን ቢሆን እኮ ያስቃል።

ጋሽ እንድሪስ አልተቆጡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ሴቶቹ ዞረው «የት አገር ናት? የሚያውቅ አለ?» አሉ። አንዷ ከሚሴ አካባቢ አለች። ሌላዋ የለም ውጫሌ ናት አለች። ሦስተኛዋ ወረባቦ ስትል ሰምቻለሁ አለች። ስሟንስ? እሱን የምታውቅ ጠፋች። ሐሙስ ስንቀብራት ሁሉም ለሳራ ነበር ዱአ ያደረገው።

የሳራን ስልክ ለመክፈት ሞከርን፣ የተቆለፈ ነው። ኡስታዛ ሀናን አንድ ነገር አስታወሰች። በየጁምዓው ከሶላት በኋላ የልጅቱ እናት ትደውላለች፤ በዚያ ሰዓት ሥራ አላዛትም ነበር አለች።

«እንግዲያ ዛሬም ትደውላለች» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ከሴቶቹ ማንም አታንሳው፣ ድምፃችሁ ያስታውቃል። እኔም አልችልም። አስማማው፣ አንተ አንሳው። እንዳትነግራት። ዘመዷን ብቻ ጠይቃት።»

«እሱ ያንሳ» አለች እትዬ ዘሃራ። «መዋሸት ይችልበታል።»

ይገባኛል።

ስልኩን ምንጣፍ ላይ አስቀመጥነው። ሴቶቹ ለቅሷቸውን ዋጥ አድርገው ጠበቁ። ሶላቱ አልቆ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ይሰማል። ብዙም አልቆየ፣ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ በአማርኛ «እማ» ይላል። ይቺን አነበብኳት።

አነሳሁት።

«ሉባባ?»

ሉባባ! ስሟ ሉባባ ነው። (እዚህ የጻፍኩት ትክክለኛው አይደለም፣ ስሞቹን ሁሉ ቀይሬያለሁ።) ከኋላዬ አንዷ አፏን በእጇ አፈነች።

«አይ እማማ፣ እኔ ስልክ ሠሪ ነኝ። ስልኳን ላስተካክልላት ይዤው ነው።»

«እሷስ? ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«በጁምዓም ሥራ ያዟት?»

«እንግዳ በዛባቸው።»

«እኔን! በቀደም ትኩሳት ቢጤ አለኝ ብላኝ ነበር፣ ተሻላት ወይ?»

«ተሻላት እማማ። አሁን ምንም አይላትም።»

እንዲህ አልኩ። በዚህ አፌ!

«እማማ፣ ከዚህ ወደ እናንተ አገር መልእክት የሚልክ ሰው አለ። ለማን ይደውል?»

«ለኔ ነዋ! ለኔ ይደውል እንጂ ለማን ሊደውል ነው?»

ጋሽ እንድሪስን አየኋቸው፣ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ወንድ ቢሆን ይሻላል» አልኩ። «መንገድ ወጥቶ የሚቀበል።»

«እንግዲያስ ለወንድሜ ለሙሄ። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ተጽፎ ግድግዳው ላይ አለ። እኔ ማንበብ አልችልም ልጄ። የሚያነብልኝ ልጥራ፣ ትንሽ ቆየኝ።»

እንዲህ ነው ያለችው። ሳትንተባተብ፣ ሰበብ ሳትፈልግ፣ በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ ጎረቤቷን ስትጣራ ሰማኋት። አስራ አራት ዓመት ከአፌ አልወጣ ያለኝን ነገር አንዲት እናት እንደ ዋዛ ተናግራው ሄደች። እንባዬ መጣ፣ ግን ማልቀስ አይቻልም፤ መስመሩ ክፍት ነው።

አንዲት ሴት መጥታ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። መዳፌ ላይ ጻፍኩት። እናትየዋ ስልኩን መልሳ ወሰደች።

«በትክክል ጻፍከው? እስቲ አንብብልን።»

ከመዳፌ ላይ አነበብኩላት። ጎረቤቷ «ልክ ነው» አለች።

«ጎበዝ!» አለችኝ እናትየዋ። «ጀሊሉ ያክብርህ፣ የናትህ ልጅ ያርግህ። ለሉባባ፣ እናትሽ ሰላም ብላሻለች በልልኝ።»

«እሺ እማማ» አልኩ።

ስዘጋው ግቢው በአንድ ድምፅ ፈነዳ። ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ እየጠሩ አለቀሷት። እትዬ ዘሃራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጋሽ እንድሪስ መዳፌን ይዘው ቁጥሩን እያዩ ለሙሄ ደወሉ።

ዛሬ ጠዋት፣ ሱብሂ እንደተሰገደ፣ ሽማግሌዎቹ ቤቷ ሄዱ።

ቀትር ላይ ሙሄ ደወለ። ነግረዋታል። ሰው በዝቶ ይዟት ነበር አለ፤ ወጉ ደርሷታል። ጋሽ እንድሪስ «ምን አለች?» ቢሉት፣ ስታለቅስ ስታለቅስ ቆይታ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀች አለ።

«ያ ስልኩን ያነሳው ልጅ ያውቅ ነበር?»

ጋሽ እንድሪስ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው አዩኝ። ሙሄ መስመር ላይ ነበር። እኔ ለስንቱ ሰው «ነገ እነግርሻለሁ» ስል የኖርኩ ሰውዬ፣ ለዚህች እናትም «ማታ እንደውላለን በሏቸው» ብዬ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቼ ተቀምጫለሁ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?